ባቡሩን ተይው፣ አባቷንም ተያቸው

ካልጋሪ፣ ካናዳ
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? እናትሽ፣ ወንድሞችሽ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ ማውራት እየተቻለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስደውል ስልኩ ወዲያው ለእማዬ ይሰጣል። እሷ ደግሞ ስፒከር ላይ ካልሆነ አይሰማትም። ልነግርሽ የፈለግኩት ነገር ግቢው ሁሉ ቆሞ የሚሰማው አይደለም። ደግነቱ እዚህ የምናውቃት አንዲት ሴት የቁልቢ ስለት አለባት። በሚቀጥለው ሳምንት ትነሳለች፤ ከታኅሣሥ 19 በፊት ድሬ ትገባለች። ይህን ደብዳቤ፣ የእማዬን መነጽርና የደም ግፊት መድኃኒቷን በእሷ እጅ ልኬያለሁ።

ታሪክሽን አንብቤ ጨረስኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የምነዳው አውቶቡስ መጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ 12 ደቂቃ ይቆማል። ሰው ሁሉ ይወርድና እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። ከደብተርሽ ላይ ፎቶ እያነሳሽ የላክሽልኝን 26 ገጽ ያነበብኩት በዚያች ሰዓት ነው። በአንድ ዙር ሁለት ገጽ፣ ሲሳካ ሦስት። ፎቶውን በጣቴ እያሰፋሁ። አንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ አውራ ጣትሽ አብሮ ተነስቷል፤ ጥፍርሽን ቀይ ተቀብተሻል። 9ኛው ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ የተቀመጠበት ክብ አለ። እሱን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ጠረጴዛችንን አወቅኩት።

በመጀመሪያ የወደድኩትን ልንገርሽ። ደቻቱን የጻፍሽበት ቦታ ልቤን ወሰደው። ልጆቹ ደረቁ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወቱ፣ ሴቶቹ ዘንቢል ይዘው ወደ ቀፊራ ገበያ ሲሻገሩ፣ ፍየሎቹ ከወንዙ መሐል ካርቶን ሲበሉ። ከዚያ ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ደንገጎ በኩል ዘንቦ፣ ውሃው በዚያ ደረቅ አሸዋ ላይ ድንገት ሲመጣ። "ወንዙ የራሱን አልጋ ሊጠይቅ መጣ" ብለሽ ጻፍሽ። ይህን ያነበብኩ ቀን ሁለተኛውን ገጽ ሳልከፍት አውቶቡሱን አስነሳሁ። በዚያች ዕለት ሌላ ነገር ማንበብ አልፈለግኩም።

እናትየው በርበሬ ስትነፋ የምታስነጥስበትም ጥሩ ነው። እንዳታወጪው።

አንድ ስህተት አለ፣ አስተካክይው። ልጁ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ "ባቡሩ ኤረርን አለፈ" ብለሻል። ኤረር እኮ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በኩል ነው። ከድሬ ወደ ጅቡቲ ስትሄጂ መጀመሪያ የምታገኚው ሺኒሌን ነው። ከዚያ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። ይህን ካርታ አይቼ አልነገርኩሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በድምፅ መልእክትሽ ላይ "ጋሼ፣ የማን ታሪክ እንደሆነ ታውቃለህ?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። አውቃለሁ። የኔ ነው። እማዬ ቡና ላይ ስታወራ ሰምተሽ ይሆናል። የሰማሽው ግን ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ እማዬም አታውቀውም፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም። አንቺ ከዚያ ግማሽ ተነስተሽ ይህን ያህል ከጻፍሽ ሙሉውን ማወቅ ይገባሻል። ደግሞም ታሪክሽ ውስጥ አንድ ሰው ተበድሏል። እሱን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የልጅቷን ስም አልጻፍሽውም። ለዚህ አመሰግንሻለሁ። እኔም አልጽፈውም።

በ1982 እኔ 19 ዓመቴ ነበር፣ እሷ 18። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ነበር የምንገናኘው። ሚያዝያ ላይ አበባቸው ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ቀይ ይሆናል። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ያንን ዛፍ "የድሬዳዋ ዛፍ" ነው የሚሉት። እንቡጡን ፈልቅቀን ውስጡ ያሉትን ክሮች እናወጣለን። ክሮቹ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ራስ አላቸው። የኔን ክር ከሷ ክር ጋር አንገት ለአንገት አቆላልፈን እንጎትታለን፤ ራሱ የተቆረጠበት ይሸነፋል። የልጆች ጨዋታ ነው። እኛ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነንም አልተውነውም። እጇ ላይ የአበባው ውሃ ይቀራል፤ ትንሽ ያጣብቃል። ከ30 ዓመት በላይ አልፎም ጣቴ ያስታውሰዋል።

አንቺ በሰላሙ ጊዜ እንደተለያየን አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ጊዜው እንዲያ አልነበረም። ብሔራዊ ውትድርና ከ1975 ጀምሮ በአዋጅ ግዴታ ነበር። ምጽዋ የካቲት 1982 ላይ ከመንግሥት እጅ ስትወጣ ደግሞ በእኛ ሰፈር አፈሳው ባሰ። ማታ ማታ የጎረምሳ ልጅ እናት እንቅልፍ የላትም። እኛ ጣሪያ ላይ ነበር የምናድረው፤ ቆርቆሮው የቀኑን ሙቀት እስከ ሌሊት ይዞት ጀርባችንን ይጠብሰን ነበር። ከጎናችን ካለው ግቢ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሌሊት ተወሰዱ። አንደኛው ብቻ ነው የተመለሰው።

አሁን ስለ አባቷ ልንገርሽ።

አንቺ የጻፍሽው አባት ዱላ ይዞ በር ላይ የሚቆም፣ "ለድሃ ልጅ አልሰጥም" የሚል ክፉ ሰው ነው። ሁለቱን ያለያያቸው እሱ ነው። አንባቢ እንዲጠላው አድርገሽ ነው የጻፍሽው፤ እኔም እያነበብኩ ልጠላው ደርሼ ነበር። ከዚያ "ይህ እኮ እሳቸው ናቸው" ስል ደነገጥኩ።

እሳቸው የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ፉርጎ ይጠግኑ ነበር። ፈረንሳይኛቸው ከሥራ ቦታ የለቀሙት ነው፤ ጠዋት ግን "ቦንዡር" ሳይሉ በደጃችን አያልፉም። እጃቸው ውስጥ የገባ የግራሶ ጥቁረት ነበር፤ ለፋሲካም ለጥምቀትም አይለቅም። ስለ እኔና ስለ ልጃቸው ያውቁ ነበር። አንድም ቀን ክፉ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም።

በዚያ ሚያዝያ አንድ ማታ ቤታችን መጡ። አባዬን ጥግ አስይዘው "ልጅህን ዛሬ ስጠኝ። ነገ ሰፈሩን ሊያስሱት ነው" አሉት። እማዬ አለቀሰች። ከአንድ ሰዓት በኋላ በጋራዡ ጀርባ በኩል በጨለማ እየመሩ ወሰዱኝ። የጅቡቲ ዕቃ ባቡር ቆሟል። አንዱን ፉርጎ ከፍተው ከጆንያ መሐል አስገቡኝ። አንድ ጀሪካን ውሃ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦና ቴምር ሰጡኝ። ካኪ ጃኬታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ በረሃው ሌሊት ይበርዳል ብለው። ተይዘው ቢሆን ምን ይደርስባቸው እንደነበር አንቺ ልትገምቺው አትችይም።

በሩን ከመዝጋታቸው በፊት እንዲህ አሉኝ፦ "ለልጄም አልነገርኳትም። ካወቀች ትመጣለች፣ ከመጣች ሰው ያያችኋል። እኔ ነገ እነግራታለሁ። አንተ አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ስትደርስ ጻፍላት።"

እሺ አልኳቸው። በገብርኤል ስም ማልኩ።

ደወሌ ሳይደረስ ወርጄ ድንበሩን በእግር ተሻገርኩ። እስከ አሊ ሳቢየህ ያለውን መንገድ አልተርክልሽም። ያንን ስንቱ የድሬ ልጅ ሄዶበታል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆንኩ። በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ለሰባት እናድር ነበር። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ እሳት ፊት የቆምሽ ነው የሚመስልሽ። ጃኬታቸውን ሁለተኛው ወር ላይ ሸጬ በላሁበት።

ነሐሴ ላይ አንዲት ጨርቅ የምታመላልስ ነጋዴ ፈልጋ አገኘችኝ። ከጡቷ መሐል ወረቀት አወጣች። "ልጅቷ ለሁለት ወር ጣቢያ ስትመላለስ፣ 'ጅቡቲ የምትሄዱ' እያለች ስትለምነን ነበር" አለችኝ። ጣቢያው ላይ የመመላለሷ ነገር እውነት ነው ማለት ነው። እማዬ ያየችውና የነገረችሽ እሱን ይሆናል። ልጅቷ ግን እኔን ጠብቃ አልነበረም የምትሄደው። ደብዳቤዋን የሚያደርስላት ሰው ፈልጋ ነበር።

ከሒሳብ ደብተር የተቀደደ አንድ ቅጠል ነው። ካሬ ካሬ መስመር ያለው። በሰማያዊ እስክሪብቶ። ብዙ አልጻፈችም። አባቷ እንደነገሯት፣ እንዳልተቆጣች፣ እማዬን ሄዳ እንዳየቻት። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ "የምትጽፈው ከጠፋህ ባዶ ወረቀት በፖስታ አድርገህ ላክልኝ። በሕይወት እንዳለህ አውቃለሁ፤ ይበቃኛል።"

እኔ ባዶውን ወረቀት እንኳን አልላክሁም።

ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የኖርኩት። የዚያን ቀን ማታ ልጽፍ ወረቀት ገዝቻለሁ። ከዚያ ምን ልጻፍ አልኩ። ጆንያ እሸከማለሁ ልበላት? የአባትሽን ጃኬት ሸጥኩት ልበላት? ሳምንት ልጠብቅና ደሞዝ ስቀበል፣ ትንሽ ሽቶ ነገር ገዝቼ ከሱ ጋር እልካለሁ አልኩ። ደሞዙ መጣ፣ በዕዳ ሄደ። የተሻለ ሥራ ላግኝና አልኩ። ትንሽ ሰው ልሁንና አልኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ወሩ ዓመት ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። አሁን ደህና ነኝ ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ እስከዛሬ ለምን ዝም እንዳልኩም መጻፍ አለብኝ። እሱ ደግሞ በየቀኑ እየከበደ የሚሄድ ነገር ነው። የዛሬው ዝምታ ለነገው ሌላ ዝምታ ይወልድለታል። ነጋዴዋ በየወሩ ትመጣ ነበር። መንገድ ላይ ሳያት ፊቴን አዞራለሁ። በመጨረሻ እሷም መፈለጉን ተወችው።

በ1986 ካናዳ ገባሁ። በ1988 እናትሽ በጻፈችልኝ ደብዳቤ ውስጥ፣ ከሌላ ሌላ ወሬ መሐል፣ ልጅቷ እንዳገባች አነበብኩ። በ1991 አባቷ አረፉ። የማልኩላቸው ሰው ሞቱ፤ ቃሌን እንደበላሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የደቻቱን ጎርፍ ታስታውሻለሽ? ሐምሌ 1998፣ ለ30 አጥቢያ። አንቺ በእናትሽ ጀርባ ላይ ሆነሽ ነው ያመለጥሽው፤ ዕድሜሽ ገና ሦስት ነበር። ከ200 ሰው በላይ ያለቀበት ሌሊት ነው። እዚህ ወሬው ሲደርሰን በ5 ዶላር የስልክ ካርድ ስደውል ስደውል መስመሩ እንቢ አለኝ። በሦስተኛው ቀን እማዬ አነሳች። ስለ እናንተ ጠየቅኩ። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ባለሱቁ፣ ስለ ሻይ ቤቷ ሴትዮ፣ ስለ ጋሪ ነጂው ሁሉ በየተራ ጠየቅኩ። የሷ ቤት ደቻቱ ዳር እንደሆነ አውቃለሁ። ስሟን ግን አፌ አላወጣውም። ምን መብት አለኝ? ካርዱ ሊያልቅ ሲል እማዬ፣ ሳልጠይቃት፣ "እሷም ደህና ናት። ቤቷን ወስዶታል፣ ልጆቿ ተርፈዋል" አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ። ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም።

በ2001 አባዬ ሲያርፍ መጣሁ፤ እሱን ታውቂያለሽ። ከሰልስቱ በኋላ ቀፊራ ሄድኩ። ሱቅ አላት። ሽርጥ፣ ሻሽ፣ ሽቶ ትሸጣለች። ከደጁ ቆሜ ሳያት አወቀችኝ። "አቦ አንተ! አረጀህ እኮ!" ብላ ሳቀች። በርጩማ አወጣች፣ በወተት የፈላ ሻይ አስመጣች፣ ጣፋጩን ሙሸበክ በወረቀት አድርጋ ሰጠችኝ። ለአባዬ ከልቧ አዘነች። ስለ ልጆቿ አወራችልኝ፣ ትልቋ አንደኛ እንደምትወጣ። ባሏ መጥቶ ሰላም አለኝ፤ ረጋ ያለ፣ ጥሩ ሰው ነው። ደንበኛ ሲመጣ ትነሳለች፣ ትከራከራለች፣ ትሸጣለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። በሁለቱ ደንበኞች መሐል፣ የወሬው ያህል ቀለል አድርጋ፣

"ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር?" አለችኝ።

"አልደረሰኝም" አልኳት።

ጸጥ አለች። ቀጥላ "እንዲያ ነው ያልኩት። ነጋዴዎቹን ምን ታምኛቸዋለሽ እያለ አባቴም ይነግረኝ ነበር" አለች። ፊቷ ሲቀልል አየሁት። እውነቴን ነው፣ ቀለል ሲላት አየሁ። ያቺ አደራዋን በጡቷ ይዛ ድንበር የተሻገረች ነጋዴ በኔ ቃል አባይ ሆነች። ሻዩን ጨርሼ ወጣሁ።

እንግዲህ ሌላው ግማሽ ይህ ነው።

አሁን ወደ ታሪክሽ እንመለስ። እስከ 22ኛው ገጽ ድረስ ከልጁ ጋር አለቀስኩ። መጨረሻውን ግን ልቤ አልቀበል አለኝ። ሰውየው ከ30 ዓመት በኋላ ሲመለስ ልጅቷ ለገሃር ያችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያገኛታል። ፀጉሯ ብቻ ሸብቷል። ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ አለቀ። ጽሑፉ ያምራል። ለኔ ግን ይህን ማንበብ ከበደኝ። ለሱ ፀፀት ብለሽ የሷን 30 ዓመት አቆምሽባት። እሷ እኮ ኖራለች። ሱቅ ከፍታለች፣ ወልዳለች፣ በጎርፍ ሌሊት ልጆቿን በትከሻዋ አውጥታለች፣ ቤቷን እንደገና ሠርታለች። ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። እባክሽ ከዚያ ወንበር ላይ አስነሺያት። ሥራ ስጫት። ሰውየው ሲመጣ እጇ ሥራ ይዞ ይሁን።

ደግሞም ያንን ጣቢያ አንቺው ታውቂዋለሽ። የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣት ካቆመ ስንት ጊዜው ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ሥራ ሲጀምር ጣቢያው የተሠራው ከከተማ ውጭ ነው። ሰውየሽ በባቡር ቢመጣ እንኳን እዚያ ወንበር አጠገብ አይወርድም።

"ባቡሩ ወሰደው" የሚለውን ሰባት ቦታ ጽፈሻል። ቆጠርኩት። ባቡሩን ተይው። ያ ሐዲድ በፈረንጆች 1902 እዚያ ሜዳ ላይ ባይደርስ ድሬ የምትባል ከተማ የለችም። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስለከበደው እታች ቀረ፣ እኛም በዙሪያው ተወለድን። አያትሽ ከናዝሬት ሥራ ፍለጋ የመጣው በሱ ነው። እኔን ከሞት ያወጣኝም እሱ ነው። አባቷንም ተያቸው። እሳቸውን እንደዚያ አድርገሽ ከተውሻቸው እኔ ሁለተኛ ቃሌን እንደበላሁባቸው ነው የምቆጥረው። በሩን ሲዘጉ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ምስክር የላቸውም።

መለያየቱን እኔ አልመረጥኩትም፤ በሱ አልጸጸትም። ብቆይ ምናልባት አሁን አልጽፍልሽም ነበር። እኔን ሌሊት የሚያነቃኝ የፖስታ ዋጋ ነው። አንድ ፖስታ፣ አንድ ቴምብር፣ አንድ ባዶ ወረቀት። እሱን ጻፊልኝ። ሰውየው ወረቀቱን ገዝቶ ሲመጣ፣ ጠረጴዛ ስለሌለው ጉልበቱ ላይ ሲያስቀምጠው፣ እስክሪብቶውን ሲከፍት፣ ሲዘጋ። እዚያ ላይ ቆይበት። አትቸኩይ። አንቺ ደቻቱን እንደዚያ የጻፍሽ ልጅ ይህንንም ትችይዋለሽ።

ደብዳቤዋ አሁንም እኔ ጋር ነው። እማዬ የሰጠችኝ ዳዊት ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ አስቤ ተውኩት። ለሷ "ደርሶት ነበር" ብለሽ እንድትነግሪልኝም አስቤ ነበር፤ በሱቋ በር በየሳምንቱ እንደምታልፊ አውቃለሁ። ግን ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም። እንደ ገብርኤል ፈቃድ ለሐምሌው ቁልቢ እመጣለሁ። ፈቃዴን ከወዲሁ ጠይቄያለሁ። ቀፊራ እሄዳለሁ። ባሏም ቢቀመጥ፣ ልጆቿም ቢኖሩ የሚያስነውር ነገር የለውም። ሻዩ ሳይመጣ በፊት እነግራታለሁ። ነጋዴዋ አደራዋን እንዳደረሰችም እነግራታለሁ። ትቆጣ ይሆናል። ሁለተኛ ሰላም አትለኝ ይሆናል። ደግ፤ መብቷ ነው።

ታሪክሽን እስከዚያ አትጨርሺው አልልሽም። እንዳሻሽ አድርጊው፤ ያንቺ ነው። እኔ ያልኩሽን ሁሉ ትተሽ ያው እንደነበረ ብታስቀምጪውም አልቀየምሽም። አባቷን ብቻ አደራ።

ይህን ለእማዬ ለማንበብ ከፈለግሽ አንብቢላት። በጎርፉ ጊዜ ሳልጠይቃት የመለሰችልኝ እሷ ናት፤ ብታውቅ ደስ ይለኛል። ጮክ ብለሽ ግን አይሁን። በሩን ዝጊና።

የእማዬ መድኃኒት በቀን አንድ ነው፣ ጠዋት ከቁርስ በኋላ። ጠርሙሱ ላይ በአማርኛ ጽፌበታለሁ። መነጽሩ መጀመሪያ ራሷን ያዞራት ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ቀን ትታገሠው። ከፖስታው ጋር ያለውን ገንዘብ ለእናትሽ ስጫት፤ 100 ዶላሩ ያንቺ ነው። ደብተር ግዢበት፣ ጥሩውን፣ ወፍራሙን።

ለእናትሽ፣ ለወንድሞችሽ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ

ማስታወሻ፦ 14ኛው ገጽ ላይ ባቡሩ ሲነሳ ልጅቷ እየሮጠች አንድ ነገር ትለዋለች። ሁለቱን መስመር አውራ ጣትሽ ሸፍኖታል። እኔና እሷ ሳንሰነባበት ነው የተለያየነው። ምን እንዳለችው ያንን ገጽ ደግመሽ አንሺና ላኪልኝ።